የተኮሰችውና የተሟገተችላት

አማርኛ «ድፍረት» በሚለው አንድ ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል፤ አለመፍራትንም፣ ሴትን አስገድዶ መድፈርንም። ዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ የጻፈውና ያዘጋጀው «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም ስሙን የወሰደው ከዚህ መንታ ትርጉም ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም ፌስቲቫሎች የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ሽልማቱ እንደሚገባው አያከራክርም። ሊያከራክር የሚገባው፣ በፊልሙ ውስጥ ድፍረቱ የማን ሆኖ ቀረ የሚለው ጥያቄ ነው።

ታሪኩ በእውነት በደረሰ ነገር ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አርሲ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ተደፈረች። ጠመንጃ አንሥታ አመለጠች፤ ሊይዛት የተከተላትን ጠላፊዋንም ተኩሳ ገደለች። በነፍስ ግድያ ስትከሰስ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጠበቃ ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ድርጊቷን ራስን እንደ መከላከል ቆጥሮ በነጻ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ይድን ነበር፤ ይህ የቀረው እ.ኤ.አ. በ2005 በሥራ ላይ በዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ነው።

በፊልሙ ልጅቷ ሂሩት ተብላለች፤ ትዝታ ሐገሬ ተጫውታታለች። የጠበቃዋን የመዓዛ አሸናፊን ገጸ ባሕርይ የያዘችው ሜሮን ጌትነት ናት። የፊልሙ መጀመሪያ በልብ አንጠልጣይነቱ የተዋጣለት ነው። ምክንያቱም ጉልህ ነው፤ እርምጃው የሂሩት ነው። ጠመንጃውን የምታነሣው እሷ፣ የምትሮጠው እሷ፣ የምትተኩሰውም እሷ ናት።

ከተኩሱ በኋላ ግን ታሪኩ ከእጇ ይወጣል። ከዚያ ወዲያ ሂሩት የሚደረግባት ወይም የሚደረግላት እንጂ የምታደርግ አይደለችም። ፖሊስ ያስራታል፤ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው በሌለችበት ይመክሩባታል፤ ጠበቃዋ ታስፈታታለች፣ ታስጠጋታለች፣ ትከራከርላታለች። ሴራውን የምትገፋው መዓዛ ትሆናለች፤ ሙግቷም ከፖሊስ ጣቢያ ተነሥቶ እስከ ፍትሕ ሚኒስትሩ ይደርሳል። በገሃዱ ዓለም ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ የታገደው እ.ኤ.አ. በ2001፣ በሌላ ጉዳይ ነበር፤ ፊልሙ ግን ይህን የመሰለውን ግጭት ከሂሩት ክስ ጋር አያይዞ ያቀርበዋል። የሁለተኛው አጋማሽ ውጥረት በአብዛኛው ከጠበቃዋ ሕይወት የተቀዳ ነው ማለት ነው።

ለፊልሙ የሚቆም ሰው የሚለው አያጣም። ሂሩት የገበሬ ልጅ ናት፤ ከተማውንም ፍርድ ቤቱንም አታውቅም፤ የደረሰባትም ነገር አንደበት የሚዘጋ ነው። ዝምታዋ እውነት ነው፤ ትዝታ ሐገሬም ዝምታውን በዐይኗና በአቀማመጧ ሞልታዋለች። ሆኖም መናገር አለመቻል አንድ ነገር ነው፤ መወሰን አለመቻል ሌላ። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሰብለ ወንጌል በባላባት አጥር ተከልላ ያደገች፣ ዓለምን የማታውቅ ልጅ ናት። ቀኑ ሲደርስ ግን ከአባቷ ቤት ጠፍታ የምትወጣው በራሷ ቁርጥ ውሳኔ ነው፤ ደራሲው ያን ውሳኔ ለሌላ ለማንም አሳልፈው አልሰጡባትም። ሂሩት ይህን ያህል እንኳ አልተሰጣትም።

ጉዳዩ የድርሰት ስልት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ታዳሚው አዳራሽ ከገባ በኋላ፣ የታሪኩ ባለቤት ፈቃዴ አልተጠየቀም በማለቷ በተነሣ ክርክር የፍርድ ቤት እገዳ ደርሶ ምረቃው ተቋርጧል፤ ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ኋላ ነው። የክርክሩ ፍሬ ነገር የሕግ ሰዎች ድርሻ ይሁን። ሐያሲ ግን አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም፤ ፊልሙ በሁለተኛው አጋማሽ ለሂሩት የነፈጋትን፣ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የመነሣትን ድርሻ፣ ባለታሪኳ ከፊልሙ ውጭ ወስዳዋለች።

«ድፍረት» ሊታይ የሚገባው፣ ጠለፋን እንደ ሠርግ ወግ ሳይሆን እንደ ወንጀል ያሳየ ጠንካራ ሥራ ነው። የጠበቃዋ ጀግንነትም እውነተኛ ነው። ነገር ግን የተበደለችን ሴት ታሪክ ለመድረክም ሆነ ለፊልም የሚጽፍ ሁሉ፣ አዳኟ በገባች ጊዜ የተበደለችው ከመሐል ወደ ጥግ አለመገፋቷን ሊመረምር ይገባዋል። ተከራካሪ ስላገኘች ብቻ የራሷ ድፍረት አላበቃምና።