የቤተ እስራኤል መከራና የእግዚአብሔር ፍቅር ፤ በመጽሐፈ ነህምያ 9ኛ ምዕራፍ ላይ የቀረበ ሐተታ

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ከአስተስርዮ በዓል በኋላ በ50ኛው ቀን ስግድ የተባለውን በዓል ያከብራሉ። በኢትዮጵያ ሳሉ በዚያ ቀን በጾም ሆነው ወደ ተራራ ይወጡ ነበር ፤ ቄሶቻቸው ኦሪቱን ይዘው ይቀድማሉ ፤ ሕዝቡም ይከተላል ፤ ከሕዝቡም አንዳንዱ ራሱን ለማዋረድ ድንጋይ ይሸከማል። በጐንደር አጠገብ ያለው አምቦበር በዚህ በዓል የታወቀ ነበር። በተራራው ላይ ከሚነበቡት ንባባት አንዱ መጽሐፈ ነህምያ ነው ፤ ይኸውም ከባቢሎን ምርኮ የተመለሱት ሰዎች ማቅ ለብሰው ፥ በራሳቸው ላይ ትቢያ ነስንሰው ኪዳናቸውን ያደሱበትን ቀን የሚናገረው ክፍል ነው። ስግድ የሚያደርገው ሕዝብ በዚያ ጉባኤ ውስጥ ራሱን ያያል።

እንግዲህ የሚመረመረው ነገር ይህ ነው ፤ ብዙ መከራ የተፈራረቀበት ሕዝብ እግዚአብሔር ይወደናል ብሎ በየዓመቱ ወደ ተራራ መውጣቱ በምን ይጸናል? ስለዚህ ነገር የሚናገሩ ሰዎች በሁለት ወገን ሲስቱ ይታያል። አንደኛው ወገን መከራውን አይቶ ፍቅሩን ይክዳል ፤ ሕዝቡ ቢወደድ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰበት ነበር ይላል። ሁለተኛው ወገን ፍቅሩን የጠበቀ መስሎት መከራውን ያሳንሳል ፤ የደረሰው ሁሉ ለበጎ ነው ፥ ልቅሶም አያስፈልግም ይላል። የነህምያ ጸሎት ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም።

ይህ ነገር ስለ ሩቅ አገር ሰው ብቻ የሚነገር አይደለም። በመቐለ ከተማ በቃላሚኖ ተቀምጦ ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ሰው ዛሬ በአጠገቡ የቤተ እስራኤል መንደር አያይም ፤ የትግራይ ቤተ እስራኤል ከአገሩ ወጥተዋልና። ጥያቄያቸው ግን በአገሩ ቀርቷል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ የሆነውን ጦርነትና ረኃብ ያየ ሰው ፥ እግዚአብሔር ይወደናልን? የሚለውን ጥያቄ ከመጽሐፍ ገጽ አስቀድሞ በልቅሶ ቤት ሰምቶታል። ስለዚህ የቤተ እስራኤልን መልስ መመርመር የራስን መልስ ከመፈለግ የተለየ አይሆንም።

በቤተ እስራኤል ላይ የደረሰው መከራ በአንድ ዘመን የተወሰነ አልነበረም። አብዛኞቹ ርስት አልነበራቸውምና በሰው መሬት ጭሰኛ ሆነው ፥ በብረት ቀጥቃጭነትና በሸክላ ሥራ ይኖሩ ነበር ፤ ጎረቤቶቻቸውም በሠሩት ማረሻና ድስት እየተጠቀሙ መልሰው ቡዳ ይሏቸው ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1862 ዓመት አባ መሐሪ የተባሉ መነኵሴ ወደ ኢየሩሳሌም እንገባለን ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ተነሡ ፤ ትግራይ በደረሱ ጊዜ በአክሱም አካባቢ ረኃብና በሽታ ፈጃቸው ፤ ከተረፉት እኵሌቶቹ ተመለሱ ፥ እኵሌቶቹም በትግራይ ቀሩ።

ከዚህ በኋላ የኢትዮጵያ ሰው ሁሉ ክፉ ቀን ብሎ የሚጠራው ፥ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የቆየው ዘመን መጣ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ኢጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋራ ገብቶ የአገሩን በሬና ላም ፈጀ ፤ ገበሬው የሚያርስበት አጣ ፤ ድርቅና አንበጣ ተጨመረ ፤ ፈንጣጣና ኰሌራ ተከተለ። በዚያው ዘመን ደርቡሾች ጐንደርን አቃጠሉ ፤ ዐፄ ዮሐንስም በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ወደቁ። ከቤተ እስራኤል እጅግ ብዙ ሰው አለቀ ፤ ከተረፉትም አንዳንዶቹ በችግር ብዛት ሃይማኖታቸውን ለወጡ።

ደግሞም በ1970ዎቹ ዓመታት ከትግራይ ፥ ከወልቃይትና ከጐንደር ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ በእግራቸው ወደ ሱዳን ወረዱ። በመንገድና በሱዳን ባሉት የስደተኞች ሰፈሮች ፥ ይልቁንም በኡም ራኩባ ፥ ወደ 4000 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል ፤ ለእነርሱም በኢየሩሳሌም በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. የሙሴ ዘመቻ በተባለው ጕዞ ወደ 8000 የሚጠጉ ፥ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ የሰሎሞን ዘመቻ በተባለው ጕዞ ከ14000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ እስራኤል ገቡ። የገቡት ግን በመንገድ የቀሩትን አልረሱም ፤ መግባታቸውም የቀሩትን ሞት ቀላል አላደረገውም።

አሁን ወደ ፊተኛው ስሕተት እንመለስ የሚል አንባቢ ቢኖር ፥ ስሕተቱ በቤቱ ቅርብ መሆኑን ያገኛል። ቤተ እስራኤል የተጣሉ ስለ ሆኑ ተሠቃዩ የሚለው ፍርድ በክርስቲያኖች ዘንድ ብዙ ጊዜ ሲነገር ኖሯል። ይህ ፍርድ በታሪክ ፊት አይቆምም። ደስታ የቤተ እስራኤልን በሬ ከክርስቲያኑ በሬ አልለየም ፤ ክፉ ቀን ባለ ማዕተቡንም ፥ ሙስሊሙንም ፥ ሰንበት ጠባቂውንም በአንድ መንገድ ላይ አጋደመ። በ1977 ዓ.ም. ቤተ እስራኤል በሱዳን ሰፈሮች ሲሞቱ ፥ በመቐለ ዳርቻ በረኃብተኞች መጠለያ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ይሞቱ ነበር። መከራ የመጠላት ምልክት ከሆነ በሌላው ላይ የፈረደ ሰው በራሱ ላይ ፈርዷል ፤ ምልክት ካልሆነ ግን በሌላው ላይ የፈረደው በሐሰት ነው።

መጽሐፈ ኢዮብም በዚህ ነገር የሚያጠራጥር አይደለም። የኢዮብ ወዳጆች እግዚአብሔርን የሚከራከሩለት መስሏቸው የወዳጃቸውን ኃጢአት ፈለጉ ፤ አጥተውም ፈጠሩለት። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቈጣው በጮኸው ኢዮብ ላይ ሳይሆን ጠበቃ ሆነንልሃል ባሉት ላይ ነው ፤ ይባስ ብሎም የኢዮብን ጸሎት እንዲለምኑ አደረጋቸው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጥ ነው ፤ በሰው ላይ ሐሰት ተናግሮ የእግዚአብሔርን ጽድቅ መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ስሕተት ከፊተኛው ይልቅ የለሰለሰ ስለ ሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። ኦሪት ዘዳግም አባት ልጁን እንደሚቀጣ እግዚአብሔር ሕዝቡን እንደሚገሥጽ ያስተምራል ፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ቃል በመከራ ሁሉ ላይ እንደ ክዳን የሚገጥም ሰው ፥ በእናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ በሱዳን በረሃ የሞተው ሕፃን ምን ተምሮ ሞተ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። በዳዊት መዝሙርም ፥ በግዕዙ ቍጥር 43 ፥ በዕብራውያን ቍጥር 44 በሆነው ፥ ሕዝቡ ይህ ሁሉ የደረሰብን ኪዳንህን ሳንረሳ ነው እያለ ይሟገታል። ሙግቱ ከመጽሐፍ አልተፋቀም ፤ ጸሎት ሆኖ ተቀመጠ እንጂ። መከራን ሁሉ ተግሣጽ ብቻ የሚያደርግ ሰው ይህን መዝሙር ሊደግም አይችልም።

ቤተ እስራኤል ለራሳቸው ከያዟቸው የግዕዝ መጻሕፍት ትእዛዘ ሰንበት የተባለው በዚህ ቦታ ሊመረመር ይገባዋል። ይህን መጽሐፍ ዮሴፍ ሃሌቪ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1902 ዓመት በፓሪስ አሳትሞታል። በመጽሐፉ ሰንበት እንደ ሴት ሆና ፥ በእግዚአብሔር ፊት ከብራ ትታያለች ፤ ስለሚያከብሯትም ትማልዳለች። የመጽሐፉ ብርታት በዚህ ላይ ነው ፤ የእግዚአብሔር ፍቅር ነጋሪ ብቻ ያለው ነገር ሳይሆን ቆሞ የሚለምን ጠበቃ ያለው ሆኖ ይታያል። ርስት የሌለው ፥ በዳኛ ፊት የሚቆምለት ያጣ ሕዝብ በሰማይ ጠበቃ እንዳለው ማመኑ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞም ሰንበት መሬት ለሌለውም ትደርሳለች ፤ ጌታ ሊነጥቃት ፥ ደስታም ሊገድላት አይችልም። ሆኖም መጽሐፉ ስለ ክብሯና ስለ ምልጃዋ አስፍቶ ሲናገር ፥ በሕይወት ሳለ የሚራበው ሰው ለምን ተራበ ለሚለው መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ትእዛዘ ሰንበት ብቻውን አይበቃም ፤ በተራራው ላይ ከሚነበበው ከነህምያ ጋራ ሊነበብ ይገባል።

የነህምያ ጸሎት ሥርዐት እንዲህ ነው። አስቀድሞ ከፍጥረት ጀምሮ የእግዚአብሔርን ቸርነት ይቈጥራል ፤ ለአብርሃም የተሰጠውን ኪዳን ፥ በግብፅ የታየውን ጭንቀት ፥ በምድረ በዳ የወረደውን መና ያነሣል። ቀጥሎ የአባቶችን ዐመፅ ሳይሸሽግ ይናዘዛል። ከዚያም በ32ኛው ቍጥር ላይ ከፍተኛው ልመና ይመጣል ፤ ይኸውም ከአሦር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የደረሰው ድካም ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት ጥቂት መስሎ እንዳይታይ ነው። ለማኞቹ መከራው እንዲቀርላቸው ከመጠየቃቸው በፊት እንዳይናቅ ይጠይቃሉ። ይህ ቍጥር የሁለቱም ስሕተት መድኃኒት ነው። ፍቅር የሌለው አምላክ ቢሆን እንዲህ ተብሎ ባልተለመነ ነበር ፤ መከራውም ትንሽ ቢሆን ልመናው ባላስፈለገ ነበር። የወደደ የወደደውን ሰው ሕመም አያሳንስምና ፥ መከራን አሳንሶ ፍቅርን ማጽናት አይሆንም።

ጸሎቱ ኃጢአትን ይናዘዛል ፤ እንግዲያስ የኢዮብ ወዳጆች ነገር ተመልሶ አልመጣምን? የሚል ይኖራል። አልመጣም። ተናዛዦቹ በደልን የተናገሩት በራሳቸውና በአባቶቻቸው ላይ ነው ፤ የኢዮብ ወዳጆች ግን በሌላው ላይ ተናገሩ። በድያለሁ ማለት ንስሐ ነው ፤ በድለሃልና ተሠቃየህ ማለት ግን ፍርድ ነው። ቃሉ አንድ ቢመስልም ከማን አፍ በማን ላይ እንደ ወጣ ማስተዋል ያስፈልጋል።

የጸሎቱም ፍጻሜ ሊታለፍ አይገባውም። በመጨረሻ ሕዝቡ ለአባቶቻቸው በተሰጠች ምድር ላይ ባሪያዎች መሆናቸውን ፥ ፍሬዋንም ነገሥታት እንደሚወስዱት ይናገራሉ ፤ በሰው መሬት አርሶ ለጌታ ይገብር ለነበረው ጭሰኛ ይህ ቃል ትርጓሜ አላስፈለገውም። ጸሎቱ የሚያበቃው በጭንቅ ነው ፤ ከሰማይ መልስ እንደ መጣ አልተጻፈም። ነገር ግን ከዚያ ቀጥሎ የተጻፈው ሕዝቡ ኪዳን አድርገው ማተማቸው ነው። ኪዳኑን ያተሙት ጭንቁ ሳይወጣላቸው ነው። በስግድም ቀን ሕዝቡ እስከ ቀትር ጾሞ ፥ ከዚያ ወርዶ በደስታ ይበላ ነበር ፤ የደስታው ምክንያት የመከራው ማለቅ ሳይሆን የኪዳኑ አለመፍረስ ነው።

ከኢትዮጵያ ውጭ ያሉት አይሁድም በከፋው ቀናቸው ወደዚሁ ነገር ደርሰዋል። በአውሮፓ 6 ሚሊዮን የሚያህሉ አይሁድ በናዚዎች በተገደሉበት ዘመን ፥ ቃሎኒሞስ ቃልማን ሻፒራ የተባሉ ረቢ በዋርሶ ታጥሮ በነበረው የአይሁድ ሰፈር ውስጥ እስከ 1942 ድረስ ያስተምሩ ነበር ፤ በ1943 ተገደሉ። ጽሑፋቸው ተቀብሮ ከጦርነቱ በኋላ ተገኝቶ በ1960 ታተመ ፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ትምህርታቸው እግዚአብሔር ከሕዝቡ ጋራ እንደሚያለቅስ ፥ የሚያለቅስም ሰው ከእርሱ ጋራ እንደሚያለቅስ ነበር።

ይህም ያለ መጽሐፍ የተነገረ አይደለም። በኢሳይያስ 63ኛ ምዕራፍ 9ኛ ቍጥር በዕብራይስጡ አንዲት ቃል በአሌፍ ተጽፋ በዋው ትነበባለች ፤ በአሌፍ አይደለም ማለት ናት ፥ በዋው ለእርሱ ማለት ናት። በዋው የተረጐመ የሕዝቡ ጭንቅ የእግዚአብሔር ጭንቅ መሆኑን ያገኛል። አንድም ፥ እንደ ግሪኩ ትርጓሜ በአሌፍ የሄደ ያዳናቸው መልእክተኛ ወይም መልአክ ሳይሆን እርሱ ራሱ መሆኑን ያገኛል። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ይገናኛሉ ፤ መከራቸውን ከሩቅ አላየውም።

ለምን እንደ ተፈቀደ የሚለው ጥያቄ በዚህ ሁሉ አልተፈታም ፤ ለኢዮብም ከዐውሎ ነፋሱ ውስጥ ምክንያቱ አልተነገረውም። መጽሐፍ ያልፈታውን ፈታሁ የሚል ተርጓሚ ራሱን ይጠብቅ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት በመሬት ላይ ከእርሱ ጋራ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር ፤ መከራው እጅግ ታላቅ መሆኑን አይተዋልና። ልቅሶ የሚደርስ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። ስሕተታቸው የተጀመረው መከራውን ሊያስረዱ አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው።