ቀይ ነደባ ላይ የተቀረጸ ዜማ

ሐረር ውስጥ ከፈላና በር ገባ ብለው የሚያገኟቸው የጀጎል ቤቶች ለብቸኛ ሙዚቀኛ ቀረጻ የተሠሩ ይመስሉኛል። የሐረሪዎቹ ነደባዎች፣ ማለትም የመቀመጫ መደቦቹ፣ ቁመታቸው ስለሚለያይ ኡድ ተጫዋቹ አንዱ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ሌላው ላይ በትራስ ደገፍ ማድረግ ነው፤ የካሜራ ማቆሚያ መግዛት አያስፈልግም። ምንጣፉና ትራሱ የገደል ማሚቶውን ይውጡታል፤ ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ የመንገዱን ጫጫታ ይመልሳል። ከጀርባ ቀዩ ቀለምና የተሰቀሉት ስፌቶች አሉ። የትኛው ስቱዲዮ እንዲህ ያምራል?

ብርሃን ከበሩ ይመጣል፤ ተጫዋቹ ፊቱን በሰያፍ ወደ በሩ ያዙር እንጂ ጀርባውን አይስጠው። ሁለተኛ ስልክ ካለ ከምስሉ ውጪ፣ ከኡዱ አጠገብ ይቀመጥና ለድምፅ ብቻ ይቅረጽ፤ መጀመሪያ ላይ አንዴ ማጨብጨብ ሁለቱን ቅጂዎች በኋላ ለማገጣጠም ይበቃል።

ፒያኖ ተጫዋቿ መነኩሲት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት በካሴት የቀዷቸው ዜማዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በአልበም ሲወጡ፣ ከፒያኖው ጋር የደጅ ወፎችም ተሰምተዋል። ስለዚህ ዘፈኑ ሳይቆራረጥ ይቀረጽ፤ በግቢው ልጆች ቢስቁም ሳቃቸው አብሮ ይግባ።