ሁለተኛውን ሙያ መምረጥ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የብረታ ብረት ሙያ ለመማር የሚመዘገብ ወጣት ገና ከመግቢያው አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ብየዳ ይሻለዋል ወይስ ቶርኖ? ፍሬዛ ወይስ የላሜራ ሥራ? አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ጓደኛው የገባበት ወይም ቦታ የተረፈበት ክፍል ነው። ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ ይልቅ በጥንቃቄ የሚመረምሩት የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቾች ናቸው። ብዙ ሰው በኢንተርኔት አብሮ በሚጫወትባቸው የምናብ ዓለማት ውስጥ ተጫዋቹ ለገጸ ባሕርዩ አንጥረኝነት፣ ማዕድን ቆፋሪነት፣ ልብስ ሰፊነት ወይም መድኃኒት ቀማሚነት ይመርጥለታል፤ ምርጫውም ለወራት አብሮት ይኖራል። ስለዚህ አስቀድሞ ያሰላል፦ ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል? የተሠራውን ማን ይገዛዋል? የትኛው ሙያ ከየትኛው ጋር ይሄዳል? እኛ ብረት ሠራተኞች ከዚህ ስሌት የምንማረው አለ። ሙያ በጥንድ መመረጥ አለበት ባይ ነኝ፤ ሁለተኛውም የመጀመሪያው ሙያ ሥራ ከሚረከብበት ወይም ከሚያስረክብበት ቦታ መመረጥ ይኖርበታል።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ጨዋታ ለአንድ ገጸ ባሕርይ ከሁለት ዋና ሙያ በላይ አይፈቅድም። ሙያዎቹ በአብዛኛው ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ሰብሳቢ ነው፤ ማዕድን ይቆፍራል፣ ዕፅ ይለቅማል፣ ቆዳ ይገፍፋል። ሌላኛው ከተሰበሰበው ዕቃ ይሠራል። ማዕድን መቆፈር የማይችል አንጥረኛ ብረቱን ከሌሎች ተጫዋቾች መግዛት ግድ ይለዋል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ ጀማሪ አንጥረኛ ሁሉ ደረጃውን ለማሳደግ ያንኑ ሰይፍና ያንኑ ጥሩር ስለሚደጋግም ገበያው በአንድ ዓይነት ዕቃ ይጥለቀለቃል፤ የሰይፉ ዋጋም ብዙ ጊዜ ከገባበት ብረት ዋጋ በታች ይወርዳል። ማዕድን ቆፋሪው ግን ለእነዚያ ሁሉ አንጥረኞች ይሸጣል። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች ጀማሪውን «አንጥረኝነትን ከማዕድን ቆፋሪነት ጋር ያዝ» የሚሉት ከዚህ ተነስተው ነው።

አሁን ከሳሪስ ወደ ቃሊቲ፣ ከዚያም ወደ ቱሉ ዲምቱ ያለውን መንገድ እንመልከት። በየመንደሩ የብየዳ ቤት አለ፤ አብዛኞቹ የሚሠሩትም በርና መስኮት፣ የግቢ በርና የደረጃ ድጋፍ ነው። ቱቦላሬ ይቆረጣል፣ ላሜራ ይለጠፋል፣ ቀለም ይቀባል። ሥራው የተከበረ ነው፤ የብዙ ቤተሰብ እንጀራም ነው። ነገር ግን ብየዳ የተማረ ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው ያንኑ በር ስለሆነ ደንበኛው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየሄደ ዋጋ ያስወርዳል። በዚህ ላይ ቱቦላሬው ራሱ እዚሁ ቃሊቲ ባሉ ፋብሪካዎች ቢመረትም፣ የሚጠቀለለው ላሜራ በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ የሚመጣ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ቀብድ ተቀብሎ የበር ውል የያዘ በያጅ ኪሳራው በራሱ ላይ ነው የወደቀው። በጨዋታው ውስጥ ማዕድን እንደሌለው አንጥረኛ ሁሉ ጥሬ ዕቃውም ዋጋውም በእጁ አይደሉም።

በእኛ ከተማ ሰብሳቢው ማን ነው? ቀድሞ የሚታሰበው ቁራሌው ነው። ከየቤቱ የለቀመው ብረት ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ ገሚሱ እንደገና ዕቃ ይሆናል፣ ገሚሱ ወደ ማቅለጫ ሄዶ ፌሮ ሆኖ ይመለሳል። ባለሙያ ግን ቁራሌው መሆን አይጠበቅበትም፤ ጥሬ ዕቃው በደንበኛው ትከሻ ተጭኖ የሚመጣለት አንድ የሥራ ዘርፍ አለ፤ እሱም ጥገና ነው። ያለቀ ሻፍት፣ ጥርሱ የተበላ ማርሽ፣ የተሰነጠቀ የፓምፕ አካል ራሱ ብረቱ ነው። ባለሙያው የሚጨምረው ጥቂት ኤሌክትሮድና ብዙ ዕውቀት ነው። የውጭ ምንዛሬ ሲጠፋ የበር ሠሪው ሥራ ይቀዘቅዛል፤ አዲሱን መለዋወጫ ማስመጣት ያቃተው ደንበኛ ግን አሮጌውን ይዞ ወደ ጥገና ቤት ይመጣል። የአቃቂ መለዋወጫና የእጅ መሣሪያዎች ፋብሪካም የተቋቋመው ይህንኑ ችግር አስቦ ነበር፤ የስኳር፣ የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች አንድ ቁራጭ ለማስመጣት ማሽን እንዳያቆሙ። በዚህ አካባቢ መጠገንና መለዋወጫ መሥራት ሥር ያለው ሙያ ነው።

የጥገናን ሥራ ቀረብ ብለን ካየነው ደግሞ ለምን ሁለት ሙያ እንደሚጠይቅ ይገባናል። የእህል ወፍጮ ሻፍት እንውሰድ። 6208 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ የሚገባበት ቦታ 40 ሚሊ ሜትር ነው (የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የኩሽኔታውን የውስጥ ስፋት ይሰጣሉ)። ይህ ቦታ በመፋተግ ግማሽ ሚሊ ሜትር ካለቀ ኩሽኔታው ሻፍቱ ላይ ይዞራል፣ ይግላል፣ ወፍጮው ይንቀጠቀጣል። ጥገናው የሚጀምረው ቶርኖ ላይ ነው፤ የተጎዳው ገጽ ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ ይላጣል። ቀጥሎ ሻፍቱ ይሞቅና በደረቅ 7018 ኤሌክትሮድ ይሞላል። አንዱ መስመር በቁመቱ ከተበየደ በኋላ ሻፍቱ ግማሽ ዙር ይዞራል፣ ሁለተኛው መስመር በትይዩው ጎን ይሄዳል፤ አለዚያ ሙቀቱ በአንድ ወገን ጎትቶ ሻፍቱን ያጎብጠዋል። ሲያልቅ ደረቅ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል። ከዚያ ወደ ቶርኖ ተመልሶ እስከ 40 ሚሊ ሜትርና አንድ ወይም ሁለት መቶኛ ድረስ ይላጣል፤ ኩሽኔታውም ሞቆ ይገባል። እያንዳንዱ ስህተት የሚፈጠረው ሥራው ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ቶርኖ የማያውቅ በያጅ ሙሌቱን አሳንሶ ይሰጣል፤ ሲላጥ አንድ ጎድጓዳ ቦታ ይወጣና ለመጨረሻው ልክ የደረሰው ሻፍት እንደገና ይበየዳል። ወይም ያለ ልክ ያበዛል፤ ኤሌክትሮዱም የማሽኑ ሰዓትም በከንቱ ይሄዳል። ለማፍጠን ውኃ ካፈሰሰበት ደግሞ ገጹ ይደነድንና የቶርኖውን መቁረጫ ይሰብራል፤ ብየዳ የማያውቀው የቶርኖ ሠራተኛ ጥፋቱን መቁረጫው ላይ ያሳብባል።

«ታዲያ አንድ በያጅና አንድ የቶርኖ ሠራተኛ አብረው ቢሠሩስ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ ይሠራልም። የሚሠራው ግን በመካከል ሦስተኛ ሰው ስላለ ነው። ምን ያህል እንደሚሞላ፣ በምን ዓይነት ኤሌክትሮድ፣ በስንት ሙቀት እንደሚበየድ ወረቀት ላይ ጽፎ የሚሰጥ የዕቅድ ክፍል አለ፤ ሲያልቅም የሚለካ ተቆጣጣሪ አለ። በአንዲት የቆርቆሮ ዳስ ውስጥ ባለ ጥገና ቤት ይህ ሰው የለም። ያን ቦታ ሊሸፍን የሚችለው ሁለቱንም ሙያ ያወቀ አንድ ራስ ብቻ ነው። በእጁ ሁለቱንም ባይሠራ እንኳ የሌላውን ሥራ የሚያውቅ ሰው ምን ብሎ ማዘዝ እንዳለበት ያውቃል።

ከዚህ የከበደው ተቃውሞ «ሁለት ሙያ የያዘ በአንዱም አይበስልም» የሚለው ነው። በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እዚህ ላይ ከሌላ ጨዋታ የሚገኝ አንድ ቁጥር ይጠቅመናል። ሩንስኬፕ በተባለው ጨዋታ ውስጥ ሙያ ሁሉ በልምድ ነጥብ ያድጋል፤ 99ኛው ደረጃ ላይ ለመድረስ 13,034,431 ነጥብ ያስፈልጋል። የዚህ ግማሽ የሚሞላው ግን 92ኛው ደረጃ ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ሰባት ደረጃዎች የሚጠይቁት ድካም ከእነርሱ በፊት ካሉት ሁሉ ድምር ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ቁጥሩን የወሰኑት ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ስለሆኑ ለእኛ ማስረጃ አይሆንም ሊባል ይችላል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ብየዳን ያስተማረ ሁሉ መልኩን ያውቀዋል፦ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ብረትን በወጉ መበየድ በወራት ይለመዳል፤ የማይዞር ቱቦን ዙሪያውን፣ ከሥሩም ጭምር እንከን ሳይኖረው መበየድ ግን ዓመታት ይፈጃል። ያን ያህል የጠለቀ ብቃት የሚከፍል ደንበኛ ካለ ጠልቆ መሄድ ተገቢ ነው። ቂሊንጦ ባለው የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚገቡ ፋብሪካዎች ዝገት የማይነካው የብረት ቱቦ ንጹሕ ብየዳ ይፈልጋሉ፤ እንዲህ ያለ ሥራ የጨበጠ ሰው ቶርኖ ሳይነካ በደንብ ይኖራል። እንዲህ ያለው ቦታ ግን ጥቂት ነው፤ ከኮሌጅ በየዓመቱ የሚወጣው ወጣት ደግሞ ብዙ ነው። ለአብዛኛው ሠልጣኝ ያ የመጨረሻ ጥልቀት የሚወስደው ጊዜ ሁለተኛ ሙያ ለመያዝ ይበቃዋል።

በኮምፒውተር የሚታዘዘው ሲኤንሲ ማሽን መጥቷል፣ የእጅ ቶርኖ ዘመኑ አልፏል የሚሉም አሉ። ሲኤንሲ አንድ ዓይነት ቁራጭ በብዛት ሲፈለግ ወደር የለውም። ጥገና ግን አንድ በአንድ ነው የሚመጣው፤ የዛሬው ሻፍት ከትናንቱ አይመሳሰልም፣ ከፊሉም ጎብጧል። ለአንድ ቁራጭ ፕሮግራም ጽፎ ማሽኑን እስኪያዘጋጁ የእጅ ቶርኖው ሥራውን ይጨርሳል።

የቅደም ተከተሉ ነገር ግን ከጨዋታው የምንለይበት ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ውስጥ ሙያ የሚተው ሰው ያከማቸውን ደረጃ ያጣል፤ ቢሆንም የሚጠፋበት የሳምንታት ጨዋታ ነው። እዚህ የሚጠፋው የወጣትነት ዓመት ነው፤ ስለዚህ የትኛው ይቅደም የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ብየዳ ይቅደም ይላል፤ ማሽኑ በንጽጽር ርካሽ ነው፣ ሥራም ቶሎ ይገኝበታል። እኔ የማምነው በተቃራኒው ነው። ብየዳ በኋላም በየመንደሩ ይገኛል፤ ቶርኖ ግን ጀማሪን ያለ ልምድ የሚያስጠጋ ቦታ ከማሠልጠኛ ተቋም ውጭ ብዙ አይገኝም። ባለቤቱ ውድ ማሽኑን ለማያውቀው ልጅ አይሰጥም፤ አይፈረድበትም። በዚያ ላይ ቶርኖ ካሊፐር መያዝንና ንድፍ ማንበብን ያስተምራል። ጨዋታው ምግብ ማብሰልንና ዓሣ ማጥመድን ከሁለቱ ሙያዎች ቁጥር አያስገባቸውም፤ ማንም ተጨማሪ አድርጎ ይይዛቸዋል። መለካትና ንድፍ ማንበብም ለእኛ እንደዚያው ነው፤ ከቶርኖ ጋር የተማራቸው ሰው ወደ ብየዳው ይዟቸው ይሄዳል፣ ከብየዳ የጀመረ ግን ብዙ ጊዜ ሳይማራቸው ይቀራል። ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘናም ለዚህ መንገድ ክፍት ነው፤ የሚመዝነው ሰው ምን መሥራት እንደሚችል ስለሆነ በሥራ ላይ የተማረም መመዘን ይችላል። ቶርኖን በኮሌጅ የጨረሰ ልጅ ብየዳውን ከባለሙያ ሥር ሆኖ ሊማርና ሊመዘን ይችላል። የሚጠጋበትን ቤት ሲመርጥ ግን ደጁ ላይ የተደረደረውን ይመልከት፤ በር ብቻ ከሆነ ይለፈው፣ ሻፍትና ማርሽ ከተከመረበት ይግባ።