ቅርጽ ብቻውን አይበቃም፦ የጥልቅ ባሕር እንስሳት አመዳደብ

የፀሐይ ብርሃን በማይደርስበት የውቅያኖስ ወለል፣ ከስንጥቆች የሚፈልቀው ሙቅ ውሃ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይዞ ይወጣል። ባክቴሪያዎች ከዚህ ውህድ በሚያገኙት ኃይል ምግብ ይሠራሉ፤ ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ሽሪምፖችና ሸርጣኖች ደግሞ በእነሱ ይኖራሉ። ይህ የሕይወት ማኅበር መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1977 በጋላፓጎስ ስምጥ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ነው።

እነዚህን አከርካሪ አልባ እንስሳት የሚመድብ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ናሙናው መርከብ ላይ እንደደረሰ ነው። ቀለሙ ሳይጠፋ ፎቶግራፍ ያነሣዋል። ከዚያም ከፊሉን ለአካል ምርመራ በፎርማሊን፣ ከፊሉን ለዘረመል ምርመራ በአልኮል ያስቀምጣል። ፎርማሊን ቅርጽን ቢጠብቅም ዲኤንኤን ስለሚጎዳ አንዱ ሌላውን አይተካም። ሁለቱም የግድ ያስፈልጋሉ፤ በዚህ መስክ ቅርጽ ደጋግሞ አሳስቷልና።

ዋነኛው ምሳሌ ሪፍቲያ ፓኪፕቲላ የተባለው ግዙፍ ትል ነው። ርዝመቱ 2 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አፍም አንጀትም የለውም፤ የሚመገበው በሰውነቱ ውስጥ ካስጠለላቸው ባክቴሪያዎች ነው። በ1981 ስም ያወጣለት ሜሬዲዝ ጆንስ፣ በ1985 ትሉንና ዘመዶቹን ራሱን በቻለ ክፍለ ስፍን መደባቸው። ይሁን እንጂ የትሉ የኋላ ጫፍ እንደ መሬት ትል በቀለበት የተከፋፈለና ጠንካራ ጠጕር ያለው ነው፤ በጨቅላነቱም ለአጭር ጊዜ አፍና አንጀት ይኖረዋል። የዘረመል ንጽጽር ሲጨመርበት ዝምድናው ተረጋገጠ፤ ዛሬ ሪፍቲያ የመሬት ትልና አልቅት በሚገኙበት በአነሊዳ ክፍለ ስፍን፣ በሲቦግሊኒዴ አስተኔ ውስጥ ይመደባል።

አንዱን ዝርያ ሁለት አድርጎ የመቁጠር ስሕተትም አለ። በሰሜን ምሥራቅ ፓስፊክ የሚኖረው ሪጂያ ፒሴሴ የተባለ ትል የፍል ውሃው ፍሰት በበረታበት አጭርና ወፍራም፣ በደከመበት ረጅምና ቀጭን ሆኖ ያድጋል። ሁለቱ መልኮች ቀድሞ የተለያየ የዝርያ ስም ነበራቸው፤ አሁን አንድ ዝርያ መሆናቸው ታውቋል።

ስለዚህ አስተማማኝ ምደባ የአካል ቅርጽን፣ የዕድገት ደረጃዎችንና ዘረመልን አንድ ላይ ይመረምራል። ውጤቱም ከቤተ መዘክር መደርደሪያ ያልፋል። እግሩን በብረት ሰልፋይድ የተለበጡ ቅርፊቶች የሚሸፍኑት የሕንድ ውቅያኖስ ቀንድ አውጣ በ2001 ተገኝቶ፣ ክራይሶማሎን ስኳሚፈረም የሚለውን ሳይንሳዊ ስሙን በሥርዓቱ ያገኘው በ2015 ነው። በ2019 የባሕር ወለል ማዕድን ቁፋሮ ስጋት ስላንዣበበበት፣ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርያዎች ጋር በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ ሰፈረ። በትክክል ላልተለየ ዝርያ ጥበቃ መጠየቅ አስቸጋሪ ነው።