የሃዋይ የሙዚቃ ካምፕ፤ ቅኝቱና ቃሉ

በሃዋይ ደሴቶች የሙዚቃና የባህል ካምፕ የሚባል አንድ የትምህርት ዐይነት አለ። ተማሪው ገንዘብ ከፍሎ ለአንድ ሳምንት ያህል ከመምህራን ጋራ በአንድ ስፍራ ይሰነብታል፤ ጊታርና ኡኩሌሌ ይማራል፤ ሁላ የሚባለውን ጭፈራና ኦሊ የሚባለውን ያለ መሣሪያ የሚሰማ ዜማ ይለማመዳል፤ የአበባ ጉንጉን መሥራትንና ጥቂት ቋንቋም ይቀምሳል። ማታ ማታ መምህሩና ተማሪው በአንድነት ተቀምጠው ይጫወታሉ። ከእነዚህ ካምፖች ስሙ ብዙ የተነሣው የቢመር ቤተ ሰብ በሞሎካይ ደሴት፣ ኋላም በሌሎች ደሴቶች ያካሄደው አሎሃ የሙዚቃ ካምፕ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም እንዲህ ባለው ሳምንት ውስጥ ለእንግዳው የሚሰጠው ምንድን ነው፣ ሳይሰጠው የሚቀረውስ ምንድን ነው የሚለው ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ስለነዚህ ካምፖች የሚሰነዘረው አስተያየት ሁለት ወገን ነው። አንዱ ወገን ነገሩ የአባቶችን ሀብት ለአገር ጎብኚ መቸርቸር ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ካምፑን የመሰለ ክፍት ትምህርት ባይኖር ኖሮ ሙዚቃው ከሽማግሌዎቹ ጋራ በተቀበረ ነበር ይላል። ሁለቱም ስለ ጊታሩ አጥብቀው ሲከራከሩ ስለ ዘፈኑ ቃል እምብዛም አለማንሣታቸው ያስገርመኛል። በእኔ አስተያየት የካምፑ ጉድለት ምሥጢር መግለጡ አይደለም፤ ቅኝቱን ከቃሉ ማስቀደሙ ነው።

ጊታር ወደ ሃዋይ የገባው በከብት ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው የመርከብ አዛዥ ቫንኩቨር በ1793 ለንጉሥ ካሜሃሜሃ ከብት አበረከተ፤ ንጉሡም ማንም እንዳይነካው ስላዘዘ መንጋው ተባዝቶ የሰው እርሻ እስኪያጠፋ ደረሰ። ስለዚህ በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ በፈረስ ሆነው ከብት መያዝ የሚያውቁ የሜክሲኮ እረኞች ተጠርተው መጡ። የአገሩ ሰዎች «እስፓኞል» ከሚለው ስም አውጥተው «ፓኒዮሎ» አሏቸው። ጊታሩንም ያስገቡት እነርሱ እንደ ሆኑ ይነገራል። እረኞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ጊታሩ ቀረ፤ የሃዋይ ሰው ግን እንደ ተቀበለው አልተጫወተበትም፤ ክሩን እያላላ ለራሱ ዘፈን እንዲስማማ አደረገው። ስልቱ «ኪ ሆአሉ» መባሉ ስለዚህ ነው፤ የላላ ቅኝት ማለት ነው።

ከቅኝቶቹ ሁሉ ይልቅ የታወቀው «የጎደሬ ማሳ» የሚባለው ነው። በተለመደው የጊታር ቅኝት ስድስቱ ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ ናቸው፤ በጎደሬ ማሳ ግን ሬ፣ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ይሆናሉ። ስድስተኛው፣ አምስተኛውና አንደኛው ክር እያንዳንዳቸው በአንድ ሙሉ ድምፅ ይላላሉ፤ የቀሩት ሦስቱ አይነኩም። በዚህ ጊዜ ግራ እጅ ምንም ሳይጫን ቀኝ እጅ ክሮቹን ቢዳስስ የተስማማ ድምፅ ይሰማል። አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየተመላለሰ ምቱን ሲይዝ ሌሎቹ ጣቶች ዜማውን ያወጣሉ፤ አንዱ ሰው የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ጀማሪው ገና በመጀመሪያው ቀን ፊቱ የሚበራው ስለዚህ ነው። ሌሎችም ብዙ ቅኝቶች አሉ፤ «ዋሂኔ»፣ ማለት ሴት፣ የሚባሉት ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ቅኝቶች ከነዚህ ይቈጠራሉ።

እነዚህ ቅኝቶች ለረዥም ጊዜ የቤተ ሰብ ምሥጢር ሆነው ኖረዋል። ተጫዋቹ ጊታሩን ሲያስቀምጥ ሌላ ሰው ቅኝቱን እንዳያውቅበት ክሩን ያላላው እንደ ነበር ይተረካል። ልጅ ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ በጆሮውና በዐይኑ ይቀበል ነበር እንጂ የሚያስረዳው አልነበረም። ይህ ሥርዐት የሚጸናው ግን ለመቀበል የተዘጋጀ ልጅ እስካለ ድረስ ነው። በሃያኛው ምእተ ዓመት ልጁን ሬዲዮውና ሆቴሉ ወደ ሌላ ዘፈን ሲጠሩት ምሥጢሩ ከባለቤቱ ጋራ ወደ መቃብር መውረድ ጀመረ። ጋቢ ፓሂኑዊ በ1946 በላላ ቅኝት የተጫወተውን ዘፈን በሸክላ ሲያስቀርጽ ከቤት ውጭ ያልተሰማው ነገር ለሕዝብ ተሰማ። ኬኦላ ቢመር ደግሞ በ1973 የዚህን ስልት የመጀመሪያ የመማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። ካምፑ የዚያ መጽሐፍ ተከታይ ነው።

ደግሞም የቢመር ካምፕ የነጋዴ ፈጠራ አይደለም። የኬኦላ እናት ኖና ቢመር በካሜሃሜሃ ትምህርት ቤቶች አርባ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ያስተማሩና በ1948 «ሃዋያና» የሚለውን ቃል ለትምህርቱ ስም አድርገው ያወጡ ሴት ነበሩ፤ አያታቸው ሄለን ዴሻ ቢመርም የታወቁ የዘፈን ደራሲና የሁላ መምህርት ነበሩ። ሦስት ትውልድ ሲያስተምር የኖረ ቤት በሩን ለእንግዳ ቢከፍት ንብረት ሸጠ ብሎ መክሰስ ደካማ ክስ ይመስለኛል። ንብረቱም የራሱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ጥያቄ ይከብዳል። ጊታሩ ከሜክሲኮ መጣ፤ ኡኩሌሌ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ በ1879 ከማዴይራ ደሴት በመጡ የፖርቱጋል ሠራተኞች እጅ ገባ፤ የድምፁን ስምምነት ደግሞ ሕዝቡ በ1820 ከደረሱት የአሜሪካ ሚሲዮናውያን መዝሙር ለመደ። እኔ ራሴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአራት ድምፅ መዝሙር ያደግሁ ስለ ሆነ የሃዋይን የቆየ ዘፈን ስሰማ ከሥሩ ያለውን የመዝሙር መጽሐፍ ለመለየት አልቸገርም። እንግዲህ መሣሪያውም ስምምነቱም ከውጭ ከመጣ ይህን ሙዚቃ የሃዋይ የሚያሰኘው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት ቃሉ ነው። የሃዋይ ሰዎች የባዕድን ዜማ ሲወስዱ የራሳቸውን ቃል አለበሱት፤ የባዕዱን ጊታርም ለዚሁ ቃል ሲሉ አላሉት። የዛሬው የካምፕ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ዜማውን ይወስድና ቃሉን ትቶት ይሄዳል።

ይህም ቀላል ነገር እንዳይመስል የቋንቋውን ታሪክ ማስታወስ ይገባል። የሃዋይ ቋንቋ በ1820ዎቹ ፊደል ተበጅቶለት ከ1834 ጀምሮ ጋዜጣ የሚታተምበት ቋንቋ ነበር። ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ በ1893 ከዙፋናቸው ከተገለበጡ በኋላ ግን በ1896 የወጣው ሕግ በትምህርት ቤቶች ሁሉ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ እንዲሆን አዘዘ። ከዚያ በኋላ ቋንቋው ከልጆች አፍ እየራቀ ሄደ። በ1978 የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ከእንግሊዝኛ ጋራ ይፋዊ ቋንቋ አደረገው፤ በሃዋይ ቋንቋ ብቻ የሚያስተምረው የመጀመሪያው የሕፃናት ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1984 ነው። በመካከሉ ባለው ረዥም ዘመን ቋንቋውን የማይናገር ሰው እንኳ ዘፈኑን ይዘፍን ነበር። የዝናቡና የነፋሱ ስም በየቀበሌው የተለያየ ነው፤ የማኖአ ሸለቆ ዝናብ ቱአሂኔ ይባላል፤ የሂሎ ዝናብ ካኒሌሁአ ይባላል፤ እነዚህን ስሞች ከመርሳት ካዳኗቸው ነገሮች አንዱ ዘፈን ነው። እንግዲህ በአንድ ሳምንት ጊታርን ከዘፈኑ ለይቶ የሚሰጥ መምህር ከዕቃው ውስጥ ያለውን አፍስሶ ዕቃውን ብቻ እንደሚሰጥ ሰው ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ፓሂኑዊ በ1946 ያስቀረጸው ዘፈን «ሂኢላዌ» ነው፤ ዛሬም የላላ ቅኝት የሚማር ሰው ሁሉ ሊጫወተው ይመኛል። ሂኢላዌ በዋይፒኦ ሸለቆ ያለ ፏፏቴ ነው። ሰሚው ስለ ፏፏቴ የተዘፈነ መስሎት ዝም ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ዘፈኑ የሚናገረው ስለ ሁለት ሰዎች ፍቅርና ስለ አገሩ ሐሜት ነው፤ የሚንጫጩት ወፎች ሐሜተኞቹ ናቸው። የሃዋይ ሰዎች እንዲህ ያለውን የተሰወረ ትርጉም «ካኦና» ይሉታል። ሰምና ወርቅ ለለመደ የዚህ መጽሔት አንባቢ ነገሩ ብዙ ማስረጃ አያሻውም፤ ሆኖም ልዩነት አለ። የእኛ ቅኔ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቃል ወይም በአንድ ሐረግ ላይ ይታጠፋል፤ ካኦና ግን በዘፈኑ ሙሉ ሊሰራጭ ይችላል፤ ስለማን እንደ ተባለም ደራሲውና ጥቂት ወዳጆቹ ብቻ ሊያውቁት ይችላሉ። እንግዲህ «ሂኢላዌን» በጣቱ ብቻ የተማረ ሰው ፏፏቴውን ወስዶ ሐሜቱን ትቷል፤ ጨዋታው ያለው ግን በሐሜቱ ላይ ነው።

በአነባበብም በኩል እንዲሁ ነው። የሃዋይ ቋንቋ ተነባቢዎች ስምንት ብቻ ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ በጉሮሮ የሚቋረጠው ድምፅ ነው። «ፓው» አለቀ ማለት ነው፤ በመካከሉ ድምፁን ቈርጦ፣ አናባቢዎቹንም አስረዝሞ «ፓኡ» ቢባል የሁላ ጨፋሪዋ የምታገለድመው ልብስ ነው። ተማሪው ይህን ሳይለይ ቢዘፍን ጨፋሪዋን ያለ ልብስ አስቀራት ማለት ነው፤ መምህሩም በትሕትና ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን እንዲህ ያለውን ትሕትና አላደንቅም።

የውጭው ጆሮ ጊታሩን እንደሚያስቀድም የግራሚ ሽልማት ታሪክም ያሳያል። ለሃዋይ ሙዚቃ አልበም የተለየው ሽልማት ከ2005 እስከ 2011 ለሰባት ጊዜ ተሰጥቶ ቀረ። ከሰባቱ አምስቱን የወሰዱት የላላ ቅኝት ጊታር ስብስቦች ናቸው። በሃዋይ ቋንቋ ሲዘፍኑ ዕድሜያቸውን የፈጁ ዘፋኞች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ በደሴቶቹ ላይ ቅሬታ መነሣቱ አያስደንቅም። ዳኞቹ ክፉዎች አልነበሩም፤ የማያውቁትን ቋንቋ መመዘን ስላልቻሉ የሚያውቁትን መሣሪያ መዘኑ።

የካምፑ ደጋፊዎች አንድ መልስ አላቸው፤ እርሱም የሚናቅ አይደለም። ሳምንት አጭር ነው፤ ጣት ቶሎ ይማራል፤ ቋንቋ ግን ዓመታት ይጠይቃል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ጊዜው አጭር መሆኑ ቅደም ተከተሉን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል እንጂ አያቃልለውም። በአንድ ሳምንት ቋንቋ የተማረ ሰው የለም፤ የአንድ ዘፈን ቃል ግን በአንድ ሳምንት እስከ ሥሩ ሊጠና ይችላል። ለዚህም ማስረጃው እዚያው ካምፑ ውስጥ አለ፤ እርሱም የሁላው ትምህርት ነው። በሁላ እጅ የሚናገረው ቃሉን ነው፤ ዝናብ ሲባል እጁ ዝናብ ይሆናል፤ ቃሉን ያላወቀ ጨፋሪ እጁን የት እንደሚያደርስ አያውቅም። ይህ ጭፈራ በ1830 በአደባባይ እንዳይታይ ተከልክሎ፣ ንጉሥ ካላካዋ በ1883 በዘውድ በዓላቸው በአደባባይ አስጨፍረውት የተመለሰ ነው። የሁላ መምህር መጀመሪያ ቃሉን ሳያስረዳ እግር አያስነሣም። ከአዳራሹ ወዲያ ማዶ ያለው የጊታር ክፍል ይህን ሥርዐት ቢቀዳ ማን ይከለክለዋል? ስድስት ዜማ ከሚያስጨብጡ ይልቅ አንድ ዘፈን ይዘው ማንን እንደሚያማ፣ ዝናቡ የየትኛው ቀበሌ እንደ ሆነ፣ ድምፁ የት እንደሚቈረጥ ከነገሩ በኋላ ክሩን ቢያላሉ ተማሪው ያነሰ ነገር ይዞ የሚሄድ አይመስለኝም።

በካምፖቹ ሌላ የለመደ ነገር ተሳታፊውን «ኦሃና» ብሎ መጥራት ነው፤ ቤተ ሰብ ማለት ነው። ቃሉ የወጣው «ኦሃ» ከሚለው የጎደሬ ቡቃያ ስም ነው፤ ከአንዱ ሥር የበቀሉ ሁሉ ኦሃና ናቸው። እንግዳው ሰኞ ደርሶ በማግስቱ ቤተ ሰብ ሲባል ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ቃሉ እንዲህ በርካሽ ባይሰጥ እመርጣለሁ። የቤተ ሰብ ልጅ ግዴታ አለበት፤ ውሃ ይቀዳል፣ ሽማግሌ ይጦራል፤ ቅዳሜ ሻንጣውን ይዞ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ አይሄድም።

በእውነት ከዚያ ሥር የበቀለውስ የት ነው? በ2020 የተደረገው የአሜሪካ የሕዝብ ቈጠራ እንዳሳየው ከሃዋይ ተወላጆች ከግማሽ የሚበልጡት ከደሴቶቹ ውጭ በአሜሪካ ዋና ምድር ይኖራሉ፤ ያባረራቸውም በአብዛኛው የቤትና የኑሮ ውድነት ነው። በካሊፎርኒያ ወይም በላስ ቬጋስ ያደገች የልጅ ልጅ አያቷ ከጎረቤት የሰወረውን ቅኝት ለመማር የአውሮፕላን፣ የማደሪያና የካምፕ ዋጋ መክፈል አለባት። አጠገቧም ጡረታ ወጥቶ አዲስ መዝናኛ የሚፈልግ የሩቅ አገር ሰው ይቀመጣል። ለእርሱ የጎደሬ ማሳ ቅኝት ይበቃዋል፤ ደስ ብሎት ይመለሳል፤ በዚህም ማንም አይጐዳም። እርሷ ግን የመጣችው አያቷ ሲዘፍን ምን ይል እንደ ነበር ለማወቅ ነው። ሁለቱ አንድ ዐይነት ትምህርት ተሰጥቷቸው አንድ ዐይነት ዋጋ ሲከፍሉ ሚዛኑ ልክ አይደለም። የካምፕ አዘጋጆች ከየዓመቱ ቦታ ጥቂቱን ለእንደዚህ ያሉት ያለ ክፍያ ቢለዩ፣ ለእነርሱም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀኖች ጊታሩን ከሣጥኑ ሳያወጡ ከአንድ ቋንቋ ዐዋቂ ሽማግሌ ጋራ ቢያስቀምጧቸው፣ ክሩ ረቡዕ ቢላላ ይደርሳል።