ሁለተኛው ክረምት

ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ዓይኔ ከደኑ ይልቅ አሮጌ ቤት ይፈልጋል። ሳገኝም ግድግዳውን ትቼ የጣሪያውን ክንፍ አያለሁ። ቆርቆሮው ከግድግዳው አንድ ክንድ፣ አንዳንዴም ሁለት ክንድ አልፎ ይወጣል። ከሥሩ በረንዳ አለ፤ ቡና ይሰጣበታል፣ መንገደኛ ዝናብ ያሳልፍበታል። ጀማሪ መሐንዲስ ሳለሁ ይህን ያረጀ ፋሽን አድርጌ ነበር የምቆጥረው። ዛሬ ያንን ቤት የሠራውን አናጢ በሕይወት ባገኘው እጅ ነሥቼ የምጠይቀው ብዙ ነበር።

ያስተማረኝ የራሴ ስሕተት ነው። ከኢሉባቦር ከተሞች በአንዱ፣ ስሙን በማልጠራው ቅጥር ግቢ፣ ባለ ሁለት ፎቅ የመማሪያ ሕንጻ ሠራን። ጣሪያው ከፓራፔት፣ ከጠርዙ በላይ ከሚያልፍ ግንብ፣ ጀርባ ተደብቋል፤ ውኃው በውስጥ አሸንዳ ተሰብስቦ በቧንቧ ይወርዳል። ከውጭ ሲያዩት ልቅም ያለ ሣጥን ነበር፤ እኔም ፎቶ አንሥቼው ለእናቴ ልኬያለሁ። ጊዜያዊ ርክክብ አደረግን። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። 365 ቀኑ ሲሞላ የመጨረሻው ርክክብ ተፈረመ፣ ተይዞ የነበረው 5 በመቶ ሪቴንሽን ተለቀቀ፤ ካሴፎርማችንን ጭነን ሄድን።

በዚያው ግቢ የሚቀጥለውን ምዕራፍ ጨረታ ባናሸንፍ ኖሮ ታሪኩ ለእኔ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። ለመኝታ ሕንጻው መሠረት ልቆፍር ስመለስ የፈረደበት ሕንጻዬ ከላይኛው ፎቅ ጥግ ጀምሮ ቡናማ ካርታ አውጥቶ ጠበቀኝ። ኮርኒሱ አብጧል። ከእኛ ጋር የነበሩትን አረጋዊ ግንበኛ ጠርቼ፣ "አባቴ፣ ይኼ ውኃ በየት ነው የገባው?" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩና፣ "ልጄ፣ ውኃ እኮ የሚሄድበትን ነው የፈለገው። እናንተ ናችሁ አጥር ያጠራችሁበት" አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ጎሬ ላይ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ይወርዳል፤ አዲስ አበባ 1,200 ገደማ ነው። 600 ካሬ ሜትር ጣሪያ እዚህ አገር በዓመት አንድ ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ሊትር ውኃ ይቀበላል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ከግድግዳ ራስ ላይ፣ በጠባብ የቆርቆሮ ቦይ አጥሮ ማሳለፍ ድፍረት ነው። በመጀመሪያው ክረምት ቦዩ ንጹሕ ነው፤ መሙያው ሲሊኮን ገና አልደረቀም፤ ልስኑ አልተሰነጠቀም። በሁለተኛው ግን የዋንዛ ቅጠል አፉን ይደፍነዋል፣ ወፍ ጎጆ ትሠራበታለች፤ ውኃው ሽቅብ ሞልቶ ከቆርቆሮው ጠርዝ በላይ ወደ ብሎኬቱ ይገባል። ለሰመራ ፀሐይ የማያስከፋ የጣሪያ ጠርዝ ለኢሉባቦር ሰማይ አይሆንም። ንድፍ ግን ብዙ ጊዜ የሚነደፈው ለአንድ ቦታ ሳይሆን ለአንድ የበጀት መደብ ነው።

እንግዲህ ከአንድ ግቢ ጋር ለዓመታት መቆየት ለሙያችን የሚጠቅመው መጀመሪያ በዚህ ነው፤ የራስህን እድፍ ታያለህ። ሠርቶ የሚሄድ ተቋራጭ ሁለተኛውን ክረምት አያይም። ሕጉ እንኳ ከውሉ ይልቅ አርቆ ያያል፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 3039 በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ ለተሠራ ሥራ ተቋራጩ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ሳይት ላይ ግን ሰው ሲቆጥር የምሰማው 365ቱን ቀን ነው።

መቱ ዩኒቨርሲቲ በ2003 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የዚህ አካባቢ ሰው አንድ ነገር ለመደ። ዩኒቨርሲቲ እንደ ትምህርት ቤት ተሠርቶ፣ ሪባን ተቆርጦ የሚያልቅ ነገር አይደለም። መማሪያው ሲያልቅ መኝታው፣ መኝታው ሲያልቅ ቤተ ሙከራው፣ ከዚያ የመምህራን ቤት፣ ደግሞ በደሌ ላይ ሌላ ካምፓስ። ሕንጻና ትምህርት እየተጠባበቁ የሚሄዱ ናቸው፤ የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ተማሪዎች እንኳ በ1940ዎቹ የራሳቸው ግቢ እስኪደርስ ጅማ ላይ ነበር የተማሩት። እንዲህ ላለ የማያልቅ ሥራ ግቢውን የሚያውቅ እጅ ያስፈልጋል።

ማወቅ ስል ሦስቱን ቀን መቁጠሪያዎች ማለቴ ነው። የመጀመሪያው የዝናቡ ነው። እዚህ ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም እስከ ኅዳር አይለቅም። ለመሠረት ቁፋሮ የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ብቻ ነው። ቀዩ አፈር ደረቅ ሲሆን ጎበዝ ነው፤ ተቆፍሮ ክፍት አድሮ ዝናብ ካገኘው ግን ቁፋሮው የጭቃ ገንዳ ይሆንና መሠረቱን እንደገና ጠርገህ ገረጋንቲ ማስገባት አለብህ። ሁለተኛው የቡናው ነው። ደረቁ ወራት ሲመጣ ከቀን ሠራተኞቼ ግማሾቹ ለቀማ ይሄዳሉ። የአባታቸው ቡና ነው፤ ምን ልበላቸው? ሦስተኛው የበጀቱ ነው፤ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጨረታው ወጥቶ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ እስከ 30 በመቶ የሚፈቀደው ቅድመ ክፍያ እጅ እስኪገባ ጥር ይጋመሳል። ከዚያ ሰው ሁሉ ይጣደፋል፤ ቁፋሮው ከመጋቢት ዝናብ ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

ሦስቱን አስማምቶ የጻፈ የሥራ ፕሮግራም እስካሁን አላየሁም። የሚያስማማቸው ሰው ነው። ሁለትና ሦስት ምዕራፍ አብረን ከሠራን በኋላ የግቢው የግንባታ ቢሮ ባለሙያዎች የሚቀጥለውን ቦታ በኅዳር እንድናይ ይፈቅዱልን ጀመር፤ እኛም ጣሪያውን ከሚያዝያ በፊት ደፍነን ክረምቱን በልስን፣ በኤሌክትሪክና በሊሾ እናሳልፋለን። ለቀማ ሲደርስ ሠራተኛ በፈረቃ እንለቃለን፤ ለቀማው ሲያልቅ ይመለሳሉ። ይህን ያስተማረኝ ማኑዋል የለም።

ትንንሾቹ ነገሮችም እንዲሁ ናቸው። ከሙገር የተጫነ ሲሚንቶ በጅማና በበደሌ አድርጎ መቱ እስኪደርስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ደርሶም እንደ በርበሬ እርጥበት ይጠላል። ከወለል ከፍ ያለ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቀህ፣ ከዐሥር ከረጢት በላይ ሳትደርብ ካላስቀመጥኸው በሁለት ወር ውስጥ ይቋጥራል። አሸዋው ደግሞ ርጥብ ስለሆነ ያብጣል። አንድ ለሁለት ለሦስት ብለህ በሣጥን ስትለካ ሣጥኑ የሞላ ይመስልሃል እንጂ አሸዋው ጎድሏል፤ ከዚያም በላይ የተሸከመው ውኃ አርማታውን ያቀጥነዋል። የአርማታ ኩቡ ፍተሻ ውጤት በ28ኛው ቀን ሲመጣ ሁሉም ሰው ሲሚንቶውን ይረግማል።

የጨረታን ነገር ሳስበው ልቤ ይከፈላል። ውድድር የሕዝብን ገንዘብ ይጠብቃል፤ ለሁልጊዜው አንድ ድርጅት ይሥራ የሚለው ሐሳብ ወዴት እንደሚወስድ እናውቃለን። ግን የዋጋ ማቅረቢያው ላይ ለትዝታ የሚሆን ረድፍ የለም። አንድ ጊዜ አዲስ የመጣ ተቋራጭ ኤክስካቫተር አስገብቶ የግቢውን ዋና የውኃ መስመር በጠሰው። የተሠራውን እንደተሠራ ማሳየት በሚገባው አዝቢልት ንድፍ ላይ መስመሩ በሌላ በኩል ነበር የተሣለው። የት እንደሚዘጋ የሚያውቀው የእኛ የቀድሞ ቧንቧ ሠራተኛ ነበረ፤ ጎሬ ገበያ ላይ እያለ ተደወለለት። "ከዋንዛው ሥር፣ ሁለት እርምጃ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ" ብሎ በስልክ መራቸው። ያ ሁለት እርምጃ በየትኛውም ሰነድ ላይ አልተጻፈም።

የመጀመሪያ ሕንጻዬን በራሳችን ወጪ ጠገንነው። ፓራፔቱን አፈረስን፣ ቆርቆሮውን ከግድግዳው አሳልፈን አወጣነው፤ በዙሪያው ያለውን ባዶ አፈር በጠጠር ሸፈንን፣ የውጭ ቦይ ቀደድን። ያኔ ሌላ ነገር አስተዋልሁ። እዚህ አገር ዝናብ መሬት ነክቶ ሲፈናጠር ግድግዳው ላይ ቀይ ቀበቶ ያሥራል። የቀበቶው ቁመት የጣሪያው ክንፍ ስንት እንደጎደለው ይነግርሃል።

ባለፈው ግንቦት ግቢው ውስጥ ነበርሁ። የጥገና ኃላፊው ሥራ የጀመረው እኛ ጋር በፌሮ ቆራጭነት ነው፤ አሁንም "ጋሼ" ይለኛል። ሕንጻውን ዞሮ አሳየኝ። ልስኑ ላይ በሚስማር የተጫሩ አራት አግዳሚ መስመሮች ነበሩ፤ በየመስመሩ ጎን ዓመተ ምሕረት። ላይኛው ከወገቤ በላይ ነው። ሜትሩን ዘርግቶ የዘንድሮውን ቀይ ጠርዝ ለካ፤ 35 ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ሚስማሩን ለእኔ አቀበለኝ።