ድምፅን ከመልክ ጋር ያኖረ፦ ለኢትዮጵያ ሸክላ መታሰቢያ

ሁለት ፊት ያለው፣ ሽፋኑ ላይ የዘፋኙን ምስል ይዞ ከሰው ቤት ይገባ የነበረው የኢትዮጵያ የዘፈን ሸክላ ዛሬ በሕይወት የለም። እ.ኤ.አ. በ1969 ተወልዶ በ1978 አረፈ። ዕድሜው ዐሥር ዓመት እንኳ አልሞላም። በዚያች አጭር ዕድሜው ግን ከእርሱ በፊት ማንም ያላደረገውን አደረገ፦ የአገሬውን ዘፈንና የዘፋኙን መልክ አንድ ላይ አድርጎ በተራው ሰው እጅ አስረከበ። ለከበረ ሟች እንደሚደረገው የእርሱም ታሪክ ከዘር ሐረጉ ተጀምሮ ሊነገር ይገባዋል።

የዘር ሐረጉ ከቤተ መንግሥት ይመዘዛል። ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ሲጭኑ ከተማው ከተራራው ብርድ ወደ ፍልውሃው ሜዳ መውረድ ጀምሮ ነበር። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ብለው የሰየሟት ሰፈር ገና የድንኳንና የሣር ቤት ከተማ ሳለች የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1890 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ለንጉሠ ነገሥቱና ለእቴጌይቱ ላኩ። ምኒልክና ጣይቱም በገዛ ድምፃቸው መለሱ። በዚያው ዘመን ፎቶግራፍ ከቤተ መንግሥቱ ገብቶ ነበር፤ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ የነገሥታቱን መልክ በማንሣት ስማቸውን አስጠርተዋል። ድምፅን የሚይዘውና መልክን የሚይዘው መሣሪያ በአንድ በር ገቡ። በአንድ ሽፋን ተጠቃለው ከሕዝቡ ቤት እስኪደርሱ ግን ሰባ ዓመት ገደማ ፈጀባቸው።

የሸክላው ታላቅ ቅድመ አያት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ሚንጃር ተወልደው በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያደጉት እኒህ የቅኔና የመሰንቆ ሰው የሞተር ሙያ እንዲማሩ ወደ ጀርመን ተልከው ሳሉ በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። የኢትዮጵያ ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ በሸክላ ላይ የሰፈረው ያን ጊዜ ነው። ሸክላው ግን በባዕድ አገር፣ በባዕድ ኩባንያ የተሠራ ነበር። ግራሞፎኑም ከመኳንንቱና ከባለጸጎች ቤት ብዙ አልራቀም። ኢትዮጵያ የራሷ የምትለው፣ ልጆቿ አሳትመው ለልጆቿ የሚሸጡት ሸክላ ገና አልተወለደም።

ከጣሊያን ጦርነት በኋላ መወለጃው ተመቻቸ። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ድምፃውያንን አፈሩ። ቀደም ሲል ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ «አርባ ልጆች» ከተባሉት አርመናውያን ወጣት ሙዚቀኞች ጋር የተቆራኘው የናልባንዲያን ቤተሰብ የነፋስ መሣሪያን ከአገሬው ቅኝት ጋር አስተዋወቀ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር መድረኩን አሰፋ። ሙዚቃው ሞልቶ ፈሰሰ፤ የሚቀረጽበት ዕቃ ግን አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ አዋጅ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ብቻ ሰጥቶ ስለነበር ዘፈኑ በራዲዮና በመድረክ ተሰምቶ ወዲያው ይበተን ነበር።

በሩን ያንኳኳው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበረው አምሃ እሸቴ ነው። ሐራምቤ የተባለ የሙዚቃ መደብር የነበረው ይህ ወጣት አዋጁን ያውቅ ነበር። የሚደርስበት ቅጣት ቢበዛ ለጥቂት ጊዜ መታሰር ነው፤ ሞት የለበትም ብሎ አሰበና ገባበት። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የአለማየሁ እሸቴን ዘፈን አሳተመ። በአገር ውስጥ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ የተቀረጸው ድምፅ ባሕር ተሻግሮ፣ ውጭ አገር ታትሞ፣ ሸክላ ሆኖ ተመለሰ። ሕዝቡ ተሻምቶ ገዛው። ያሰረው አልነበረም። የኢትዮጵያ ሸክላ የተወለደው በአንድ ወጣት ድፍረት ነውና ይህ ድፍረት ከስሙ ጋር ሊነሣ ይገባል።

ከዚያ በኋላ እድገቱ ፈጣን ሆነ። አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና ደርዘን ያህል ባለ 33 ዙር አልበሞችን አወጣ። የውጭው ኩባንያ ፊሊፕስ ተከተለው። አሊ አብደላ ካይፋ፣ ከተማው አሊ ታንጎ ብሎ የሚያውቃቸው፣ ካይፋ ሪከርድስን አቆሙ። በእነዚህ ሸክላዎች ላይ ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ሂሩት በቀለ፣ ምኒልክ ወስናቸው፣ ሙሉቀን መለሰና ሌሎችም ዘፈኑ፤ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎኑን አናገረ፤ ሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝን አሰፈረ፤ ግርማ በየነ አቀናበረ፤ አሊ ቢራ በኦሮምኛ ተሰማ። በጠቅላላው በዚያ ዘመን የታተሙት ባለ 45 ዙሮች አምስት መቶ ገደማ፣ ባለ 33 ዙሮቹም ሠላሳ ያህል ናቸው። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ዛሬ ድረስ ወርቃማው ዘመን እየተባለ የሚጠራው ግን ከዚህ ትንሽ ቁጥር የወጣው ነው።

የሸክላውን ተክለ ሰውነት ላላዩት መግለጽ ተገቢ ነው። ባለ 45 ዙሩ ከዳር እስከ ዳር 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። መሐሉ ላይ ክብ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በወረቀቱ ላይ የዘፈኑ ርዕስና የዘፋኙ ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም ታትሟል። በእያንዳንዱ ፊት አንድ ዘፈን ነበረው። ዘፈኑ ከረዘመ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በአንዱ ፊት፣ ግማሹ በሌላው ይሰፍራል፤ አድማጩ መሐል ላይ ተነሥቶ ያገላብጠዋል። ባንዱና ድምፃዊው በአንድ ክፍል ተሰባስበው አብረው የተጫወቱት ስለሆነ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ሲጠብቀው ይሰማል።

ልብሱ ሽፋኑ ነበር። በብዙዎቹ ላይ የድምፃዊው ወይም የድምፃዊቷ ፎቶግራፍ ታትሞ ይወጣ ነበር፦ ሙሉ ልብስና ከረባት፣ በጥንቃቄ የተበጠረ ወይም የተከመከመ ጸጉር፣ አንዳንዴ በእጅ የተያዘ ማይክሮፎን። አቋቋሙ የፎቶ ቤት አቋቋም ነው። በፒያሳ ፎቶ ቤቶች ሙሽራው፣ ተመራቂው፣ አዲስ ተቀጣሪው ከመጋረጃ ፊት ቀጥ ብሎ እንደሚነሣው ዘፋኙም እንዲሁ ተነሣ። ስለዚህ ሸክላው ከቤት ሲገባ ባዕድ መልክ ይዞ አልገባም። በግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት የአባትና የእናት፣ የአጎትና የታላቅ ወንድም ፎቶዎች ጋር በክብርና በአቋም አንድ ነበር።

አገልግሎቱም ከዚህ ይጀምራል። ራዲዮ ዘፈን ያሰማ ነበር፤ የሚያሰማው ግን እርሱ በፈቀደው ሰዓት ነበር። ሸክላው የገዢው ንብረት ሆነ። ሰው የወደደውን ዘፈን በወደደው ሰዓት፣ ደጋግሞ፣ እየተነሣና መርፌውን እየመለሰ ሊሰማ ቻለ። ተርፈው በተገኙት ሸክላዎች ላይ የባለቤቶቻቸው ስም በእስክሪብቶ ተጽፎ ይታያል። ጎረቤት ተውሶት ቢወስደው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ ነው። ስም የሚጻፍበት ዕቃ የተወደደ ዕቃ ነው።

ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል የሚወርደው መንገድ በሽሮ ሜዳ በኩል ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ ደርሶ ፒያሳ ይገባል። በመንገዱ ጫፍ ሙዚቃ ቤቱና ፎቶ ቤቱ ጎን ለጎን ነበሩ። የጉለሌ ሰው በአንድ ጉዞ ሸክላም ይገዛል፣ ፎቶም ይነሣል። መስከረም 1 ቀን ለእንጦጦ ራጉኤል ንግሥ ወጥቶ ለተመለሰ ቤተ ሰብ የዘመን መለወጫው ከሰዓት በኋላ የመጫወቻ ጊዜ ነበር። እንግዳ ይቀመጣል፤ ጠላው ይቀዳል፤ ሸክላው በለስላሳ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ጠርዝ ጠርዙን ተይዞ ይቀመጣል። ፎቶ የሚያነሣ ዘመድ ከመጣም ሰዉ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ መርጦ የሚቆመው ማጫወቻው አጠገብ ነበር። ሸክላ ያለው ቤት ዘመን የገባበት ቤት ነውና ባለቤቱ ከእርሱ ጋር መታየት ይወድ ነበር።

ይህ ልማድ የአንድ አገር ብቻ አልነበረም። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ማሊክ ሲዲቤ የተባለው ታላቅ ፎቶግራፈር በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወጣቶችን የሚወዱትን ሸክላ በእጃቸው አስይዞ አንሥቷል። ዛሬ እነዚያ ፎቶዎች በዓለም ሙዚየሞች ይታያሉ። በሌላው ዓለምም ሰዎችን ከሚሳሱለት አልበም ጋር አስቀምጦ፣ ስለዚያ አልበም እየጠየቀ የሚያነሣ የፎቶግራፍ ሥራ ተስፋፍቷል። የአዲስ አበባው ሸክላ ግን እንዲህ ያለ ሥራ እስኪደርስለት ዕድሜ አላገኘም። የእርሱና የወዳጆቹ የጋራ ምስል ያለው በየቤቱ የቤተ ሰብ አልበም ውስጥ፣ ከሠርግና ከክርስትና ፎቶ መካከል ነው።

ሕመሙ የጀመረው በ1966 ዓ.ም. ከአብዮቱ ጋር ነው። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የምሽት ክበቦቹ ጨለሙ፤ ባንዶቹ ማታ ማታ የሚሠሩበት መድረክ አጡ። እ.ኤ.አ. በ1975 አምሃ እሸቴ አገሩን ለቅቆ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ሸክላውም አባቱን አጣ። ካይፋ ሪከርድስ ጥቂት ዓመታት ታገለለት። በዚያው በ1975 የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ»፣ በ1977 የዋልያስ ባንድና የኃይሉ መርጊያን ሥራ አሳትሞ በመጨረሻ ሰዓቱ እንኳ ሸክላው ምን ያህል ታላቅ እንደነበር አሳየ።

ካሴት ግን መጥቶ ነበር። ካሴት ርካሽ ነው፤ ውጭ አገር ሄዶ መታተም አያስፈልገውም፤ ማንም ሰው በቤቱ ይገለብጠዋል። በውስጡ ረዥም ጊዜ ይሰማል፤ በኪስ ይገባል። ለድሃው አድማጭ ባለውለታ ነውና ካሴትን መውቀስ አይገባም። ሆኖም እርሱ ሲገባ ሸክላው መቆም አልቻለም። የሽፋኑ ፎቶ ጠብቦ ከካሴቱ ሣጥን ጋር ተካከለ፤ በተገለበጠው ካሴት ላይ ደግሞ ጨርሶ ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1978 የመጨረሻው ሸክላ ወጣ። ከዚያ በኋላ ተከታይ አልነበረውም።

ከሞቱ በኋላ የተደረገለት ክብር ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የቤልጅየሙ ክራምድ ዲስክስ የማህሙድን ሸክላ ለአውሮፓ አሰማ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ቅጂ ያን ዘመን ለዓለም ገለጠ፤ ነጋድራስ ተሰማም በ27ኛው ቅጽ መታሰቢያቸውን አገኙ። ፋልሴቶ «አቢሲኒ ስዊንግ» በተባለው መጽሐፉ የሙዚቀኞቹን ፎቶግራፍ ሰብስቦ አቆየ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው ስብስብም የከተማውን ሰው የድሮ ፎቶዎች ከየቤቱ እየለቀመ አሳተመ። እነዚህ ሁሉ ምስጋና ይገባቸዋል። የሠሩት ግን ሐውልት ነው፤ ሐውልት ደግሞ ሟቹን አያስነሣም። በፓሪስ ወይም በብራስልስ ዳግም የታተመው ሸክላ ድምፁን ይመልሳል፤ ስሙን በእስክሪብቶ የጻፈበትን ሰው፣ ያዋሰውን ጎረቤት፣ በዘመን መለወጫ የተሰበሰበውን ቤት አይመልስም።

የወለዱትና ያሳደጉትም አንድ በአንድ ተከትለውታል። ጥላሁን ገሠሠ በ2001 ዓ.ም.፣ ጌታቸው መኩሪያ በ2008 ዓ.ም. አረፉ። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አምሃ እሸቴ ሄደ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የመጀመሪያው ሸክላ ድምፅ አለማየሁ እሸቴ ተከተለው። አሳታሚውና ዘፋኙ በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው መሄዳቸው የዚያ ታሪክ የመጨረሻ ገጽ ሆነ።

ለኢትዮጵያ ሸክላ የሚገባው ምስክርነት እንዲህ ነው። ክልከላን ደፍሮ ተወለደ። በአጭር ዕድሜው አምስት መቶ ገደማ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ተመለሰ፤ በተመለሰ ቁጥርም አንድን የአገር ልጅ ድምፅና መልክ ይዞ መጣ። ዘፋኝነት በአዝማሪ ስም ይናቅ በነበረበት አገር ዘፋኙን በሙሉ ልብስ አስቁሞ፣ ስሙን በትልቁ አሳትሞ፣ ከቤተ ሰብ ፎቶ እኩል በየሳሎኑ አስቀመጠው። የዘፋኝ ልጅ በአባቱ፣ የዘፋኝ እናት በልጇ መልክ እንዲኮሩ አደረገ። ይህን ክብር ከእርሱ በኋላ የመጡት ካሴትም፣ ሲዲም፣ ስልክም ተቀብለው ወርሰውታል፤ ያስገኘው ግን እርሱ ነው። ዕዳው ለእርሱ ነው፤ ምስጋናውም የእርሱ ይሁን።